ዓረቡ ሳልም ስለ ኩታበሩ መሬት የተናዘዘው ቃል

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ዛሬ ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመት፣ የሮመዳን ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ በደሴ ከተማ ሆጤ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ አስጽፋለሁ። ስሜ ሳልም ዓወድ ነው፤ አገሩ ሁሉ ዓረቡ ሳልም ይለኛል። ዕድሜዬ ሰባ ደርሷል። ሳንባዬ ታሟል፣ እግሬ አብጧል፤ ልቤና ምላሴ ግን ደህና ናቸው። የሚጠራጠር ካለ ከዚህ እስከ ገበያው ያሉትን ቤቶች በየባለቤቱ ስም ልጥራለት፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈም እጨምርለታለሁ።

ፊደል አልቆጠርሁም። ቃሉ የእኔ ነው፤ ብዕሩ የሼህ ሰይድ ነው። ሼህ ሰይድ በዓረብኛ ልጻፈው ቢሉኝ እንቢ ብያለሁ። ዓረብኛ እናቴ የተቆጣችኝ ቋንቋ ነው፤ አልጠላውም። ነገር ግን ከሚሰሙኝ መካከል ሁለቱ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ስለ ሰው የሚነገር ነገር ሰውየው በማያውቀው ቋንቋ አይጻፍም። ቃሌን እንዳያሳምሩትም ለምኛቸዋለሁ። «ይህ አነጋገር ለወረቀት አያምርም» ቢሉኝ «እኔም አላምርም፤ ይጻፉት» ብያቸዋለሁ።

በፊቴ ያሉት እነዚህ ናቸው። ሚስቴ ረሂማ፤ ልጄ ሙሄዲን፤ ሴት ልጄ ለይላ፤ የሙሄዲን ልጅ የሱፍ፤ ጎረቤቴ ኑርሁሴን፤ በኩታበር የመሬቴ አዋሳኝ የሆነው ገበሬ ቀለሙ፤ የበላቸው ልጅ አረጋሽ። በላቸው ሞቷል። ማን እንደ ነበረ ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰብሁትም እሱን ለመናገር ነው። አስቀድሜ ቀላል ቀላሉን ልጨርስ።

የምገነዝበት ነጭ ጨርቅ ከሳጥኔ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ሌላ አይገዛልኝ። ለሰደቃዬ አንድ ወይፈን ይበቃል፤ በቁሜ ያልጠየቀኝ ሰው በሞቴ ጠግቦ አይሂድ። ረሂማ ብታለቅስ አትከልክሏት። ብትከለክሏትም አትሰማችሁም፤ አርባ ዓመት ሞክሬዋለሁ።

ይህ የሆጤ ቤት ሸሪዓው እንዳዘዘ ይከፈል። ለረሂማ ከስምንት አንድ እጅ ይድረሳት፤ ከቀረው ሙሄዲን ሁለት እጅ፣ ለይላ አንድ እጅ ይውሰዱ። ነገር ግን ረሂማ በሕይወት እስካለች ድረስ ቤቱ አይሸጥም፤ ከምድጃዋ ጎንም የሚያስነሣት አይኖርም። ሙሄዲን ይህን ሰምቶ በገዛ አፉ እሺ ብሏል፤ ኑርሁሴንም ሰምቷል።

ኮርቻዬ ለለይላ ነው። ለባሏ አይደለም፣ ለእሷ ነው፤ ወንድሟም ፈቅዷል። ባለፈው ክረምት ታምሜ ስተኛ ሙሄዲን ከኮምቦልቻ «መኪና እስኪገኝ» ብሎ ሦስት ቀን ቆየ። ለይላ ከዚያው ከኮምቦልቻ በዝናብ፣ በጭቃ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ በማግሥቱ ደረሰች። የያዝሁትን ቂም በዚህ ጨርሻለሁ፤ ሙሄዲን አንገትህን ቀና አድርግ። ኮርቻውን የሰፋው በላቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ተቀምጬበታለሁ፤ አንድ ስፌት አልተተረተረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የሱፍ ለጣሊያን ወታደርነት ሊገባ ነው። ትናንት፣ በበዓሉ ማግሥት ማለዳ፣ አባትና ልጅ እዚህ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ነገሩን አፈረጡልኝ። ሙሄዲን እንዲህ አለኝ፤

«አባ፣ መኪናው በቅሎቻችንን ሥራ ፈት አደረጋቸው። ኮምቦልቻ ያለው መልማይ ልጁን አይቶ ወዶታል። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ። አንድ የታወቀ ሽማግሌ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው ብሎ ይማል ብሏል። እርስዎ በበቅሎ ደርሰው ቢምሉልን የእርስዎን ቃል ማን ይጠራጠራል?»

«ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው» አልሁት።

የሱፍ ጣልቃ ገባ። «አባየ፣ እርስዎ በዐሥራ ሁለት ዓመትዎ አይደል የገቡት? እኔ እኮ እበልጥዎታለሁ።»

ልጁ የተናገረው ከራሴ አፍ የወጣውን ነው። በሮመዳን ከኑርሁሴን ቤት ካፈጠርን በኋላ፣ ዱአ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «ይህ ልጅ የእኔ ዘር ነው፤ ጠመንጃ ይመርበት» ብዬ የመረቅሁት እኔ ነኝ። የቦርከናውን ውጊያ ለሺህኛ ጊዜ የተረክሁትም ያን ዕለት ነው፤ መሻገሪያውን ብቻዬን እንደ ጠበቅሁ፣ ዘራፊዎቹን በባዶ እጄ እንደ ተናነቅሁ፣ ትከሻዬን በጦር እንደ ተወጋሁ። የሱፍ ይህን ታሪክ ከእኔ አሳምሮ ያወራዋል። በየጎረቤቱ ልጅ ፊት ልብሴን ገልጦ ጠባሳዬን ያሳያል።

በጉባኤ የወጣ ምርቃት በጓዳ አይነሣም። በሰው ፊት ወጥቷልና በሰው ፊት ይነሣል፤ የሚያነሣውም ሰው ምክንያቱን ይናገራል። ምክንያቱ ደግሞ ይኸው ነው፤ ያ ታሪክ ውሸት ነው። ዝም ብዬ ውሸት ነው ብል ልጁ አያምነኝም፤ አያቴ ፈርተውልኝ ነው ይላል። ምላስ ብቻውን የተናገረውን ልጅ ምን ያምናል? መሬት ሲለቀቅበት ግን ያምናል። ስለዚህ እውነቱን ከነመሬቱ አስጽፋለሁ።

የተወለድሁት ከባሕር ማዶ፣ በየመን፣ ሁደይዳ በምትባል ወደብ ነው። አጎቴ ጨርቅ ጭኖ ወደ ታጁራ ሲሻገር አስከተለኝ። ከግመል ነጋዴዎች ጋር አውሳን አቋርጠን ባቲ ስንደርስ አጎቴን ወባ ገደለው። ግመሉንና ጨርቁን ጓደኞቹ ወሰዱ፤ እኔን የሚወስድ ጠፋ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአማርኛ የማውቀው «ውሃ» እና «ሂድ» የሚሉትን ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ሰው ሁሉ ይነግረኝ ስለ ነበር ቶሎ ለመድሁት።

በዚያው ሰሞን ፊታውራሪ ሞላ የሚባሉ የጦር አለቃ ከባቲ ገበያ ወታደር ይመለምሉ ነበር። ምልመላው በጠመንጃ ልክ ነው። ስናድር የሚባለው ጠመንጃ ሰደፉ መሬት ነክቶ ይቆማል፤ ልጁ ከጎኑ ይቆማል፤ ራሱ ከአፈሙዙ ካለፈ ወታደር ይሆናል፤ ካነሰ ወደ እናቱ ይሄዳል። የእኔ እናት ባሕር ማዶ ናት። እንጀራው ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቴ በሌማት ተቀምጧል። ድንጋይ ፈልጌ ከመሬቱ ላይ አስተካከልሁ፤ ረዥም ሽርጤን እስከ ጥፍሬ ለቅቄ ድንጋዩን ሸፈንሁና ላዩ ላይ ቆምሁ።

ጠመንጃውን ይዞ የሚለካው ወታደር በላቸው ነበር። የኩታበር ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወደ እግሬ አየ። በሽርጤ ጫፍ የድንጋዩ ጥግ ብቅ ብሎ ኖሯል። ከዚያ ወደ ፊታውራሪ ዞሮ፦

«ልክ ነው ጌታዬ። እንዲያውም ያልፋል» አለ።

«አገሩ የማይታወቅ ልጅ ያለ ዋስ አይገባም። ዋሱ ማን ነው?»

«እኔ» አለ በላቸው።

ከወራት በኋላ አማርኛ ስለምድ «ድንጋዩን አይተህ ለምን ዝም አልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የራበው ልጅ ድንጋይ ላይ ቢቆም ምን ይገርማል?» አለኝ። ደግ ሰው ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ተሳሳተ። አብልቶ፣ ከአንድ ገበሬ ቤት አስጠግቶኝ ቢሄድ ይሻል ነበር። ይህንንም ይጻፉልኝ ሼህ ሰይድ፤ የምናገረው እየወደድሁት ነው።

በዓመቱ ዘመቻ ወጣን። ከኮምቦልቻ በታች፣ ቦርከና ወንዝ መሻገሪያው ላይ፣ ከብት የሚዘርፉ ሽፍቶች አስቸግረው ነበር። በቀትር እኔን ከመሻገሪያው አቆሙኝ፤ ስናድሩን ጥይት አጉርሰው ሰጡኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የሱፍ፣ ስማ፤ ያንተን ዕድሜ ነው የምናገረው። ለአንድ ሰዓት ያህል እንደ ወንድ ቆምሁ። ከጀርባዬ ትልቅ ሾላ ነበር፤ ፍሬው ቀልቷል፤ ወፉ ሁሉ ይንጫጫበታል። ጠመንጃ ተይዞ ዛፍ አይወጣም። ግንዱ ላይ አስደግፌው ወጣሁ።

እላይ ሆኜ በላሁ፤ አፌን ሞልቼ እየበላሁ ዘፈንሁም። ታች ኮሽታ ሰምቼ ባይ አንድ ሰው ጠመንጃዬን አንሥቷል። ሽቅብ አየኝ፤ የሾላው ጭማቂ አገጬ ላይ ሲወርድ አይቶ ሳቀ። እኔን መምታት ይችል ነበር፤ ልጅ ነው ብሎ ተወኝ መሰለኝ። ለሽፍታው ልጅ ነበርሁ፤ ለጌታዬ ብቻ ነው ወታደር የሆንሁት። በዚያው ቅጽበት በላቸው ቆሎ በጨርቅ ቋጥሮ፣ የእኔን ምሳ ይዞ፣ ቁልቁለቱን ይመጣ ነበር። ሽፍታው ዞሮ ተኮሰ። ዳሌውን መታው። ጠመንጃውን እንደ ያዘ ወንዙን ተሻገረ፤ ዳግመኛም አልታየም።

እኔ ከድንጋጤ የተነሣ ወደቅሁ። ስወድቅ የተሰበረ ቅርንጫፍ ትከሻዬን ከዚህ እስከዚህ ቀደደው። ይህ ነው ጠባሳው። ጦር አይደለም፣ ሾላ ነው።

«ኧረ ተንፍሰው ይናገሩ!» አለች ረሂማ እዚህ ላይ። ተነፈስሁ። አርባ ዓመት በማር ያሸችው ጠባሳ ነው፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

የጌታውን ጠመንጃ የጣለ ወታደር መሬት ካለው መሬቱን ያጣል፤ መሬት ከሌለው ተገርፎ ይባረራል። ፊታውራሪ «ማን ጣለው?» ብለው ጠየቁ። በላቸው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ደሙ በቃሬዛው ሥር እየተንጠባጠበ፣ «ልጁ ጠመንጃ አልያዘም። እኔ ተቀብዬው ነበር» አለ። በኩታበር ያለው መሬቱ ተነጠቀ። በላቸው አንካሳ ሆኖ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ኮርቻ እየሰፋ ኖረ።

እኔ አደግሁ። ደህና ወታደር ወጣኝ፤ ይህን በሐሰተኛ ትሕትና አልክድም። ሁለት ጊዜ ተሸልሜአለሁ፤ ሽልማቱ በእውነት የተገኘ ነው፤ በዚያ ማንም አይምጣብኝ። ክፉ ቀን ያለፈ ሰሞን ፊታውራሪ ሞላ «ማደሪያ ይገባሃል» ብለው መሬት ሰጡኝ። ደርሼ ባየው የበላቸው መሬት ነው።

እንቢ አላልሁም። ሄጄ ነገርሁት። ኮርቻ ይሰፋ ነበር፤ ከመርፌው ቀና አላለም።

«ለሌላ ከሚሰጥ ላንተ ይሁን» አለኝ።

«እመልስልሃለሁ» አልሁት።

«ስትመልስ ለምን ይሉሃል። የሾላውን ትነግራቸዋለህ?»

ጀግና ተብዬ ነበር፤ ሚስትም ልታጭልኝ የተነሣች ሴት ነበረች።

«እንግዲያው ብላ» አለኝ፤ መርፌውንም ቀጠለ።

አርባ ስድስት ዓመት በላሁ። በላቸው በኅዳር በሽታ ሞተ። በየዓመቱ ኅዳር ለቤቱ ሁለት ጭነት ገብስ ስልክ ቆይቻለሁ፤ ስጦታ እያልሁ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። የኩታበሩ መሬት የእኔ አይደለም። በእጄ የቆየ የበላቸው አማና፣ የበላቸው አደራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለልጁ ለአረጋሽ በላቸው ተመልሷል፤ ዘንድሮ የተዘራው ገብስም የእሷ ነው።

ይህን ስናገር ሙሄዲን ተነሣ። «አባ፣ ሰው ከሲሶው በላይ መናዘዝ አይችልም። ኩታበር ከሀብትዎ ግማሹን ያህላል። ይህ ሕግ ይጥሳል» አለኝ። ሕግ ማወቁ ደስ አለኝ፤ ያስተማርሁት በከንቱ አልነበረም።

«ሲሶ የሚቆጠረው ከሰው የራሱ ሀብት ነው። አማና ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ ለወራሽ አይከፈልም። ሼህ ሰይድ፣ ተሳሳትሁ?»

«አልተሳሳቱም» አሉ ሼህ ሰይድ። «ግን መሬቱ የበላቸው እንደ ነበረ የሚያውቅ ምስክር ይፈለጋል።»

ቀለሙ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ተናገረ። «የአባቴና የጋሽ በላቸው ድንበር አንድ ግራር ነበረ። አባቴ ግራሩን ሲያልፍ እስኪሞት ድረስ 'የበላቸው ማሳ' ይል ነበር። እኛ አፍ አውጥተን አልተናገርንም እንጂ እንዲያው ሰው አያውቅም ብለው ነው?»

ይህን አልጠበቅሁም። አርባ ስድስት ዓመት ሸሸግሁ የምለውን አገሩ ሁሉ እያወቀ በይሉኝታ ዝም ብሎኝ ኖሯል።

ወደ አረጋሽ ዞሬ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፤ ሐቅሽን በልቻለሁ» አልኋት። እሷ ስትናገር ቸኩላ አታውቅም።

«አባቴ ስለ ሾላም፣ ስለ ጠመንጃም ነግሮኝ አያውቅም» አለች። «በቅሎ ረገጠችኝ ነው ያለኝ።»

ሼህ ሰይድ፣ ይህን እንዳለችው ይጻፉት። ለገዛ ልጁ እንኳ አልተናገረብኝም። እስኪሞት ድረስ ዋሴ ነበር ማለት ነው።

ቀጥላ «የየኅዳሩ ገብስ ለዚህ ኖሯል? እኔ እኮ ደግነት መስሎኝ ስመርቅዎት ነው የኖርሁት፣ አባ ሳልም» አለችኝ።

«ምርቃትሽን አልመልስም፤ ያስፈልገኛል» አልኋት። ሳቀች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ «አውፍ ብያለሁ» አለች። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

የሱፍን የሚመለከተው ይህ ነው። አባቱ በሕይወት ስላለ በሕጉ ወራሽ አይደለም፤ ስለዚህ ከሲሶዬ ልሰጠው እችላለሁ። ሁለቱን በቅሎዎች ከነጭነት ዕቃቸው ሰጥቼዋለሁ። የአባቴን ጩቤ፣ ጀምቢያውንም ሰጥቼዋለሁ፤ ከሁደይዳ ይዤው የመጣሁ ዕቃ እሱ ብቻ ነው። በበቅሎ የሚያሾፍ ይኖራል። መኪናው ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ደሴ ይወጣል። ወደ ኩታበር ገደል ግን አይወጣም፤ እዚያ ያለው ገበሬም እህሉን በጀርባው ተሸክሞ ገበያ አይመጣም። ሥራ አለ። የሌለው በቅሎዋን ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነው።

ምርቃቴንም በዚህ ጉባኤ ፊት አንሥቻለሁ። «ጠመንጃ ይመርበት» ያልሁት ቃል ከዛሬ ጀምሮ የለም። የሱፍ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት በገዛ ፈቃዱ ቢሄድ ያን ጊዜ የሚመርቀውን ሽማግሌ ራሱ ይፈልግ። ዛሬ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አልምልም፤ የሚምልለትም ሽማግሌ ካለ ይህን ወረቀት አሳዩት።

ሼህ ሰይድ እዚህ ላይ ብዕራቸውን አነሡ። «ወረቀቱ በሌላ እጅ ቢገባስ?» አሉኝ። እኔ ስለ መንግሥት አንድ ቃል አልተናገርሁም። ጠመንጃው የማንም ይሁን፤ ሾላ አይቶ የሚወጣ ልጅ አይያዘው ነው ያልሁት። ይጻፍ አልኋቸው፤ ጻፉ።

ሙሄዲን፣ አንተን አልወቅስህም። እኔ ባላወራ አንተ ባላሰብኸው ነበር። ግን በላቸው ዝም በማለቱ ምን እንደ ደረሰበት ሰምተሃል። ድንጋዩን እያየህ ዝም አትበል።

ሙሄዲን «ሰኞ ብቻዬን ሄጄ ስሙን አሰርዛለሁ» አለ። ይህም ተጽፏል።

ሰኞ የሱፍ በቅሎዎቹን ይዞ አረጋሽን ኩታበር ያድርሳት። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው። ድንበሩን ቀለሙ ያሳያቸዋል።

ሼህ ሰይድ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ቃሉ የእኔው እንደ ሆነ አረጋገጥሁ። ፊደል ስለማላውቅ የአውራ ጣቴን አሻራ ለማኖር እጄን ቀለም ነከርሁ። ምስክር ሲቈጠር ሁለት ሆነ፤ ወራሽና ተቀባይ አይመሰክርምና። «ሦስተኛ ቢገኝ ይጠነክር ነበር» አሉ ሼህ ሰይድ።

የሱፍ ከአባቱ ጎን ተነሣ። «እኔ ልመስክር» አለ።

እሱም ተቀባይ ነው፤ ሼህ ሰይድ ያ ጠፍቷቸው አይደለም። ሆን ብለው ሌላውን ጠየቁት። «ምስክር ለመሆን ዕድሜ መሙላት አለበት። በአላህ ፊት ነህ፤ ዕድሜህ ስንት ነው?»

ልጁ አባቱን አየ። ሙሄዲን ምንጣፉን ያያል። ቀጥሎ ትከሻዬን አየ፤ ልብሴን እንደ ገለጥሁ ነበርሁ።

«ዐሥራ ሦስት» አለ።

«አልተሰማም» አሉ ሼህ ሰይድ።

«ዐሥራ ሦስት ነው። ሚያዝያ ሲገባ ዐሥራ አራት ይሆነኛል።»

ተናዛዥ፦ ሳልም ዓወድ፣ በአውራ ጣቱ አሻራ።

ቃሉን ሰምቶ የተስማማ ወራሽ፦ ሙሄዲን ሳልም፣ በፊርማው።

አማናዋን የተረከበች፦ አረጋሽ በላቸው፣ በአውራ ጣቷ አሻራ።

ምስክር፦ ኑርሁሴን፣ የሆጤ ነዋሪ፣ በፊርማው።

ምስክር፦ ቀለሙ፣ የኩታበር ገበሬ፣ በአውራ ጣቱ አሻራ።

ጸሐፊ፦ ሼህ ሰይድ፣ በፊርማቸው።

በቦታው የነበረ፣ ዕድሜው ለምስክርነት ያልደረሰ፦ የሱፍ ሙሄዲን፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ።